ከቦሌ እስከ አዘዞ፦ የአየር ርቀትንና የበረራ ሰዓትን በራስ ማስላት

«ጎንደር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ አራት መልስ አለ፤ አራቱም ትክክል ናቸው። በቀጥታ መስመር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከጎንደር ፒያሳ ወጥቶ አዲስ አበባ ቤት እስኪገቡ ደግሞ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስህተት የሚመጣው አንዱን ቁጥር በሌላው ቦታ ሲያስገቡት ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ በረራው አንድ ሰዓት ነው» ብሎ የአራት ሰዓት ቀጠሮ መያዝ የተለመደ ነው፤ ቀጠሮው ሲያልፍ የሚወቀሰው ደግሞ አየር መንገዱ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ወረቀትና ስልክ ላይ ካለ ካልኩሌተር በቀር ምንም አይጠይቅም። ምሳሌዎቹ የጎንደር ናቸው፤ ዘዴው ግን ለየትኛውም ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ማረፊያ ይያዙ

የጎንደሩ ማረፊያ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን ያለው ከተማው ውስጥ ሳይሆን አዘዞ ነው። ከፒያሳ በመንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይርቃል። ስለዚህ ካርታ ላይ «ጎንደር» ብለው ፈልገው የሚያገኙት ነጥብ ፋሲል ግንብ አካባቢ ያርፋል፤ በዚያ ነጥብ የለኩት የአየር ርቀትም እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ለ420 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይህ ትንሽ ነው። ለጎንደርና ባሕር ዳር ግን ርቀቱ ራሱ 102 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ አሥረኛ ያህል ስህተት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የሦስት ፊደል መለያው ነው። የጎንደር መለያ «ጂ ዲ ኪው» ነው። በሶማሌ ክልል ያለችው የጎዴ መለያ ደግሞ «ጂ ዲ ኢ» ነው። በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ የትኬት መፈለጊያ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ በችኮላ የተጫነ ጣት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይልክዎታል። መለያውን ባያስታውሱ እንኳ ርቀቱ ያጋልጣል፦ ከቦሌ ጎዴ በቀጥታ መስመር ከ620 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድረ ገጹ «አዲስ አበባ – ጎንደር» በሚመስል መስመር ላይ 620 ካሳየዎት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይመለሱ። የቦሌ መለያ «ኤ ዲ ዲ»፣ የባሕር ዳር «ቢ ጄ አር»፣ የላሊበላ «ኤል ኤል አይ»፣ የአክሱም «ኤ ኤክስ ዩ»፣ የመቀሌ «ኤም ኪው ኤክስ» ነው።

ርቀቱን በእጅ ማስላት

የሚያስፈልገው የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ለጎንደር ኬክሮስ 12.52 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 37.43 ምሥራቅ ይያዙ። ለቦሌ 8.98 ሰሜንና 38.80 ምሥራቅ።

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በእኛ አካባቢ 110.6 ኪሎ ሜትር ነው። የኬክሮሶቹ ልዩነት 12.52 ሲቀነስ 8.98፣ ማለትም 3.54 ነው። በ110.6 ሲባዛ 392 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎንደር ከቦሌ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ትርቃለች ማለት ነው።

ኬንትሮስ ትንሽ ይለያል፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮች ይቀራረባሉ። ምድር ወገብ ላይ አንድ ዲግሪ 111.3 ኪሎ ሜትር ሲሆን በቦሌና በጎንደር መካከል ባለው 10.75 ዲግሪ ላይ ወደ 109.3 ይወርዳል። ይህን የሚያገኙት 111.3ን በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን በማባዛት ነው፤ የ10.75 ኮሳይን 0.982 ነው። የኬንትሮሶቹ ልዩነት 38.80 ሲቀነስ 37.43፣ ማለትም 1.37 ነው። በ109.3 ሲባዛ 150 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ።

አሁን ሁለት ቀጥ ያሉ ጎኖች አሉዎት፤ የሚፈልጉት ሰያፉን ነው። 392ን በራሱ ሲያባዙ 153,664፣ 150ን በራሱ ሲያባዙ 22,500 ይመጣል። ድምሩ 176,164፣ ስኩዌር ሩቱም 419.7 ነው። ስለዚህ 420 ኪሎ ሜትር።

በድረ ገጾች ላይ 419፣ 420 ወይም 421 ቢያዩ አይደናገሩ። ምድርን ፍጹም ክብ አድርጎ የሚያሰላው ዘዴ 421፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ማለቷን የሚቆጥረው ደግሞ 419 አካባቢ ይሰጣል። «227» ካዩ በኖቲካል ማይል ነው፤ አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። «261» ካዩ ደግሞ አሜሪካውያን መንገድ የሚለኩበት ማይል ነው፤ እሱ 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎች የሚያወሩት በኖቲካል ማይል ስለሆነ የአውሮፕላን ፍጥነት «ኖት» (ኖቲካል ማይል በሰዓት) ተብሎ ሲጠቀስ ከኪሎ ሜትር ርቀት ጋር እንዳያካፍሉት ይጠንቀቁ። 360 ኖት በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚሁ ዘዴ ከጎንደር ወደ ላሊበላ 179፣ ወደ አክሱም 231፣ ወደ መቀሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። መነሻ ቁጥሮቹ፦ ላሊበላ 11.98 ሰሜን 38.98 ምሥራቅ፣ አክሱም 14.15 እና 38.77፣ መቀሌ 13.47 እና 39.53፣ ባሕር ዳር 11.61 እና 37.32። እየሠሩ ቢለማመዱባቸው ጥሩ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከተለያዩ ኮሳይኑን ረስተዋል ወይም ካልኩሌተሩ በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ተቀምጧል።

ከዚህ የከፋ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው ደቂቃን እንደ ነጥብ ማንበብ ነው። የጎንደር ማረፊያ ኬክሮስ በአንዳንድ ሰነድ 12°31′ ተብሎ ይጻፋል። ይህ 12.31 አይደለም፤ 31 ደቂቃ ለ60 ሲካፈል 0.52 ስለሆነ 12.52 ነው። 12.31 ብለው ካስገቡ ማረፊያው 23 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሸሻል። ሁለተኛው ኬክሮስና ኬንትሮስን ማገላበጥ ነው። 37.43 ሰሜን፣ 12.52 ምሥራቅ ብለው ካርታ ላይ ቢያስገቡ ከሲሲሊ ደሴት በስተ ደቡብ ባሕር ላይ ይወድቃሉ። ካርታው ባሕር ካሳየ ቁጥሮቹ ተገላብጠዋል።

ስሌት የማይወድ ሰው በስልኩ ይለካ። በጉግል ማፕ ላይ የአዘዞን ማኮብኮቢያ አጉልተው መሃሉ ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ይቆዩ፤ ምልክቱ ሲተከል ከታች ከሚመጡት አማራጮች ርቀት መለኪያውን ይምረጡና ካርታውን እየጎተቱ ቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ ያድርሱት። የአቅጣጫ ቁልፉን ግን አይጫኑ፤ እሱ የመኪና መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥዎታል። የአየሩና የመንገዱ ርቀት እንዲህ የተራራቀው በገደሉና በተራራው ምክንያት ነው፤ በደጋው አገር የአየሩን ርቀት በ1.7 ማባዛት ለመንገድ ደኅና ግምት ይሰጣል። ጎንደር – ላሊበላ ከዚህም ይብሳል፤ በአየር 179 የሆነው በወረታና በጋሸና ዞሮ ከ350 ኪሎ ሜትር አያንስም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለው የጠፍጣፋ መሬት ስሌት ለአገር ውስጥና ለጎረቤት አገር ነው። ከቦሌ ዋሽንግተን ዳላስ በዚህ ቢያሰሉ ከ12,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣልዎታል፤ ትክክለኛው ግን 11,550 ገደማ ነው። በረጅም ርቀት አጭሩ መንገድ በክብ ምድር ላይ ወደ ሰሜን ስለሚታጠፍ የክቡን ቀመር የሚጠቀም መሣሪያ ይፈልጉ።

ከርቀት ወደ ደቂቃ

420ን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ማካፈል ብቻ አያዋጣም። በአገር ውስጥ መስመር በብዛት የሚበረው ዳሽ 8-400፣ ብዙ ሰው ኪው 400 የሚለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ከፍተኛው የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለስሌት 650 ይያዙ። 420 ለ650፣ በ60 ሲባዛ 39 ደቂቃ። በ39 ደቂቃ ጎንደር የገባ ተሳፋሪ ግን አያገኙም።

ምክንያቱ መውጣትና መውረዱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የአዘዞው ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው። ኪው 400 እስከ 25,000 ጫማ ይወጣል። ሲወጣ ከጉዞ ፍጥነቱ በታች ነው፤ ሲወርድም ወደ መጨረሻው ይቀዘቅዛል። አብራሪዎች ለመውረድ የሚጠቀሙበት ቀላል ደንብ አለ፦ የሚወርዱትን ከፍታ በሺህ ጫማ ወስደው በ3 ያባዙታል፤ ውጤቱ ከስንት ኖቲካል ማይል ርቀት ላይ መውረድ እንደሚጀምሩ ይነግራል። ከ24,000 ጫማ ወደ ጎንደር 6,500 ጫማ (ከላይ ያለው 2,000 ሜትር ገደማ በጫማ ሲሆን) ልዩነቱ 17,500 ነው፤ 17.5 በ3፣ ወደ 52 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ወረታና ፎገራ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ድምፁን ቀንሶ መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። መውጫውን ሲጨምሩበት ከ420ው ኪሎ ሜትር በሙሉ ፍጥነት የሚሄደው ግማሹ ያህል ብቻ ነው።

ከዚያ መሬት ላይ የሚባክነው አለ። በቦሌ ከተርሚናል ተነስቶ ማኮብኮቢያ እስኪደርስና ተራ እስኪያገኝ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ጎንደር ላይ ተርሚናሉ ለማኮብኮቢያው ቅርብ ስለሆነ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ደንቡ እንግዲህ እንዲህ ነው፦

የትኬት ሰዓት = (ርቀት በኪሎ ሜትር ÷ የጉዞ ፍጥነት × 60) + 30 ደቂቃ

በኪው 400፦ 39 ሲደመር 30፣ 69 ደቂቃ። በቦይንግ 737፣ 830 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይዘው፦ 30 ሲደመር 30፣ አንድ ሰዓት። ጄት በመሆኑ የሚያተርፉት 9 ደቂቃ ብቻ ነው! በአጭር በረራ ላይ «ጄት ነው ወይስ ፕሮፔለር?» ብሎ መጨነቅ ለጊዜ ሲባል ከሆነ ዋጋ የለውም። ለእይታ ሲባል ከሆነ ግን ኪው 400 ይሻላል፤ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ መሬቱን አይከልልም። ከአዲስ አበባ ሲመጡ በግራ በኩል ይቀመጡ፦ የአባይን ሸለቆ ካለፉ በኋላ የጮቄ ተራሮች፣ ከዚያም ጣና በዚያ በኩል ናቸው። የጉና ተራራ ግን በቀኝ ይቀራል። ሲመለሱ ተቃራኒውን ይያዙ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አየር ላይ የሚቆዩበት አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ እስከ መድረሻው ቆሞ ሞተር እስኪያጠፋ ያለው ነው። አየር መንገዶች በዚህ ላይ ለመጨናነቅ የሚሆን መጠባበቂያ ስለሚጨምሩ ሰዓት ቆጥረው «ቀድመን ደረስን» ሲባል ብዙ መደነቅ አያስፈልግም። ትክክለኛውን የአየር ላይ ጊዜ የሚፈልግ ሰው እንደ ፍላይትራዳር 24 ባለ የበረራ መከታተያ ላይ የበረራ ቁጥሩን አስገብቶ ያለፉትን ቀናት ጉዞዎች ያነጻጽር፤ የተነሳበትና ያረፈበት ደቂቃ ይታያል። የአንድ ቀን ሳይሆን የአምስትና የስድስት ቀን ይዩ።

«ቀጥታ ነው?» ብሎ መጠየቅ

በቱሪስት ወቅት የታሪካዊው መስመር በረራዎች ከአንድ በላይ ማረፊያ የሚነኩበት ጊዜ አለ። በረራው በላሊበላ በኩል ከሆነ ቦሌ – ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር፣ ላሊበላ – ጎንደር 179፣ በድምሩ 511 ነው። ርቀቱ የጨመረው 91 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሰዓቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ግማሽ ሰዓቱ የመነሳትና የማረፍ ወጪ ሁለት ጊዜ ይከፈላላ! 332 ለ650 ወደ 31 ደቂቃ፣ ሲደመር 30፤ 179 ለ650 ወደ 17፣ ሲደመር 30፤ በመሃል የሚወርድና የሚሳፈር ሰው ስላለ 30 ደቂቃ ቆይታ። ድምሩ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ትኬት ላይ ሁለት ሰዓት ከምናምን ካዩ በረራው ዘገምተኛ ስለሆነ ሳይሆን መሃል ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሰዓቱን የሚያረዝመው ምንድን ነው

ነፋስ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በዚህ መስመር ግን ነፋስ ብዙ ጉልበት የለውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ፍጥነቱን ከ650 ወደ 600 ቢያወርደው 39 ደቂቃው 42 ይሆናል፤ ከኋላ ቢገፋው 36። የሦስት ደቂቃ ነገር ነው። ነፋስ የሚያስፈራው በአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ ላይ ነው።

በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚቆለል የነጎድጓድ ደመና ሌላ ነገር ነው። አብራሪው በመሃሉ አያልፍም፤ ይዞረዋል። ዙሩ ራሱ ግን ብዙ አያስከፍልም፦ መሃል መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ቢወጣ ጠቅላላ መንገዱ የሚረዝመው በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የሚያስከፍለው መጠበቅ ነው። ማረፊያው ላይ ዝናብ ወይም ዝቅተኛ ደመና ካለ አውሮፕላኑ አየር ላይ እየዞረ ይጠብቃል፤ አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ያህል ነው። አራት ዙር ከዞረ ሩብ ሰዓት ሄደ። ነዳጁ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚወስደው መጠን ላይ ሲደርስ አይጠብቅም፤ ወደ ሌላ ማረፊያ ይሄዳል ወይም ይመለሳል። ተሳፋሪው «ትንሽ ቢጠብቅ ኖሮ» ይላል፤ አብራሪው ግን ትንሿን የጠበቀው አስቀድሞ ነው።

ሙቀትም አለ። የአዘዞ ማረፊያ ከፍታው ራሱ አየሩን ያሳሳዋል፤ የበጋ ቀትር ሲጨመርበት ይበልጥ ይሳሳል። ስስ አየር ላይ ክንፍ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተርም ጉልበቱ ይደክማል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ማኮብኮቢያም ይረዝማል። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው፤ ሻንጣ ለቀጣዩ በረራ የሚቀርበት ቀን ካለ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና ወፍራም ስለሆነ ይህ ችግር ያንሳል።

የጠዋት በረራ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ አውሮፕላን በቀን ብዙ ምልልስ ይሠራል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ከተማ የዘገየ 20 ደቂቃ እየተጠራቀመ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ አንድ ሰዓት ሆኖ ይመጣል። ቀጠሮዎ ጥብቅ ከሆነ የቀኑን የመጀመሪያ በረራ ይግዙ። በርካሽ የተገኘ የማታ ትኬት ቀጠሮ ካሳለፈ ርካሽ አይደለም።

ሰዓቱና ቀኑ

ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኑ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ሰዓቱን ወደ እኛ ለመቀየር 6 ይቀንሱ፦ 07፡10 ከጠዋቱ 1፡10 ነው፤ 13፡20 ከቀኑ 7፡20 ነው። ከ18 በላይ ከሆነ 18 ይቀንሱ፦ 22፡30 ከምሽቱ 4፡30። ከ6 በታች ከሆነ 6 ይጨምሩ፦ 01፡30 ከሌሊቱ 7፡30።

በጣም ብዙ በረራ የሚያመልጠው በዚህ በመጨረሻው ነው። ፈረንጁ ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር አያይዘን እንጠራዋለን። ትኬቱ «ጃንዋሪ 20፣ 01፡30» ካለ በረራው ጥር 11 ማታ ተኝተው ለጥር 12 አጥቢያ ነው። ጥር 12 ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። ስለዚህ ከ00፡00 እስከ 06፡00 ያለ ትኬት ሲገዙ ለቤተሰብ ሲነግሩ «የዚህ ቀን ሌሊት» አይበሉ፤ «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ይበሉ። ለሚሸኝዎት ባለ መኪናም እንደዚያው።

ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ሌላም ይጠንቀቅ። ጥር 11 በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ይደገማል። በዚያ ዓመት በጃንዋሪ 19 ጠዋት የሚደርስ ትኬት የያዘ ሰው የደረሰው ለከተራ ነው፤ በ19 ማታ የሚመለስ ትኬት የገዛ ደግሞ ጥምቀትን አያይም።

ከበር እስከ በር

ከጎንደር የሚነሱ ከሆነ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በረራው 13፡20፣ ማለትም 7፡20 ነው እንበል። ለፍተሻና ለቼክ ኢን ሁለት ሰዓት ይቀንሱ፤ 5፡20 አዘዞ መድረስ አለብዎት። ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ በተለመደ ቀን ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ 45 ይያዙ። ስለዚህ ከቤት የሚወጡት 4፡35 ረፋድ ላይ ነው። በከተራና በጥምቀት ቀን የከተማው መንገድ ይዘጋጋል፤ በእጥፍ ይያዙ። ማራኪ ወይም ቀበሌ 18 ያለ ሰው ለመንገዱ ቅርብ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ይተርፈዋል።

በቦሌ በኩል ሻንጣ እስኪመጣ 20 ወይም 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በከተማው ትራፊክ እስከ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። 45 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት፣ 1 ሰዓት ከ10፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፤ አምስት ሰዓቱ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የእጅ ሻንጣ ብቻ የያዘ ግማሽ ሰዓቱን ያተርፋል።

የጎንደር በረራ ሲሞላ ባሕር ዳር ድረስ በርሮ በመኪና መጨረስ ይቻላል። መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ያጣሩ፤ ከጨለመ በኋላም አይጀምሩት። ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች የሚቀጥል ሰው ከጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር እንዳለበት አይርሳ፤ ከሰዓት በኋላ አዘዞ የሚያርፍ በረራ ይዞ በዚያው ቀን ደባርቅ ለመግባት ማሰብ ለጨለማ መንገድ መመዝገብ ነው።

ወደ ውጭ ሲሄዱ

ከጎንደር ውጭ አገር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወደ ቦሌ ይወርዳል። ቴል አቪቭን ይውሰዱ፦ ከአዘዞ በቀጥታ 2,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚሄዱት ግን 420 ወርደው ከዚያ 2,590 ነው። 830 ኪሎ ሜትር ትርፍ መንገድ ነው፤ ከቦሌ ቆይታው ጋር ሲደመር በካርታ ያዩት ርቀት ምንም አይነግርዎትም። ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ ያስሉና ቆይታውን ይጨምሩ። ለትልቅ ጄት 850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይያዙ፦ ቦሌ – ቴል አቪቭ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል፤ ትኬቱ ወደ አራት የሚጠጋው በመጠባበቂያውና በትክክለኛው የበረራ መስመር ጠመዝማዛነት ነው።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ሁሌም የየአገሩ ነው። የጉዞውን ርዝመት ለማወቅ ሁለቱን ወደ አንድ ሰዓት ይቀይሩ። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አንዳንድ አገሮች ግን ይቀይራሉ። ዋሽንግተን በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት፣ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እስራኤል በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ናት። ዱባይ ሁሌም አንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ከቦሌ 22፡30 ተነስቶ ዋሽንግተን በማግስቱ 08፡30 የሚደርስ ትኬት በሰዓት ፊት ሲያዩት 10 ሰዓት ይመስላል፤ በሐምሌ ከሆነ 17፣ በጥር ከሆነ 18 ሰዓት ነው። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ያለችው ትንሿ «+1» በማግስቱ ማለት ናት።

ሲሄዱና ሲመለሱ ሰዓቱ እኩል ያለመሆኑም ስህተት አይደለም። ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ነዳጅ ሞልቶ በሙሉ ጭነት መነሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች መሃል ላይ ለነዳጅ ሊያርፉ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ከፊት ነው። ሲመለሱ ማኮብኮቢያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

የጎንደሩንና የውጩን በረራ በሁለት የተለያየ ትኬት ከገዙ በመሃል ከሦስት ሰዓት ያነሰ ቆይታ አይያዙ። ትኬቱ አንድ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ የማስቀጠል ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ሁለት ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው። አዘዞ ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ እጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት ያንብቡ። የመጨረሻው ከተማ መለያ ካለበት ሻንጣው ያልፋል፤ «ኤ ዲ ዲ» ብቻ ካለበት ቦሌ ላይ እርስዎ አንስተው ከአገር ውስጥ ተርሚናል ወደ ዓለም አቀፉ መውሰድና እንደገና ማስመዘን አለብዎት፤ ለዚያ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ከውጭ ወደ ጎንደር ሲመጡም ወረቀቱ ላይ «ጂ ዲ ኪው» መኖሩን ይዩ፤ የኢሚግሬሽን ፍተሻው ግን ቦሌ ላይ ነው፤ የሰልፉን ጊዜ በቆይታው ውስጥ ይቁጠሩት።